የትራክተር ተሳቢ የጎማ ኩሽኔታ እንክብካቤ

ለምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



ስለ ሰሊጥ በተገናኘን ቁጥር የምንነጋገረው ስለ ዘር፣ ስለ አዘራር፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ምርቱ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዛሬው ሥልጠና በዚህ ላይ ያተኩራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ጎበዝ አርሶ አደር ሰሊጥ ጭኖ ወደ ገንዳ ውኃ ሲመጣ የተሳቢው የቀኝ ጎማ ተነቅሎ ወደ ጫካው ተንከባለለ። ተመስገን ነው፣ ሰው አልተጎዳም። አክስሉ ግን መሬት እየፋቀ ስለሄደ ጫፉ ተበልቷል። እኔ የደረስኩት በማግሥቱ ጠዋት ነበር። ጆንያዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ሁለት ሰዎች ሲጠብቁ አድረዋል። ማሳው ላይ ደግሞ ቀሪው ሰሊጥ በሂላ ቆሞ የሚራገፍበትን ቀን ይጠብቃል። ተሳቢው ተሠርቶ እስኪመለስ 11 ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ከሂላው የረገፈውን፣ በምስጥና በወፍ የተበላውን ማንም አልመዘነውም።

የተሰበረውን ኩሽኔታ አብረን አየነው። ዝጓል፤ በዙሪያው የቀረው ግራሶ እንደ ወተት ነጥቷል። «መቼ ተከፍቶ ታይቷል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከገዛሁት ጀምሮ ድምፅ አሰምቶኝ አያውቅም፤ ምን ብዬ ልክፈተው?» አለኝ። ልፈርድበት አልቻልኩም። በዚያው ዓመት ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ሦስት ጊዜ አሠልጥኜዋለሁ፤ ስለ ተሳቢው ጎማ ግን አንዲት ቃል አልተናገርኩም ነበር።

የሥልጠናው ዓላማ

ከዚህ ሥልጠና በኋላ፦

- ኩሽኔታን በእኛ አካባቢ ምን እንደሚያበላሸው፣ በተለይ ወንዝ መሻገር የሚያደርስበትን ጉዳት ታውቃላችሁ፤
- ተሳቢው ከመሰበሩ በፊት የሚሰጠውን ምልክት በእጃችሁና በጆሯችሁ ትለያላችሁ፤
- ኩሽኔታውን ፈትታችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ግራሶ ሞልታችሁና አስተካክላችሁ መግጠም ትችላላችሁ፤
- ለተከታይ አርሶ አደሮቻችሁ ይህንኑ በተግባር ታሳያላችሁ።

1. ኩሽኔታ ምን ይሠራል?

አክስሉ አይዞርም፤ የሚዞረው ጎማው ነው። ጎማው በቸርኬው አማካይነት ሞዞ ከምንለው ክብ ብረት ጋር በቡሎን ይታሰራል። ሞዞው በአክስሉ ጫፍ ላይ ይገባል። በሞዞውና በአክስሉ መካከል ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚያደርጉት ኩሽኔታዎቹ ናቸው። በአብዛኛው በአንድ ጎማ ሁለት ኩሽኔታ አለ፦ ትልቁ ወደ ተሳቢው ወገን፣ ትንሹ ወደ ውጭ።

ኩሽኔታው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ትናንሽ ተንከባላይ ብረቶችን የያዘው ውስጠኛ ቀለበት ነው፤ በእጅ ይወጣል። ሁለተኛው ውጨኛው ቀለበት ነው፤ ሞዞው ውስጥ ተጠብቆ ስለገባ በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም። ተንከባላዮቹ በአንድ በኩል ቀጠን፣ በሌላው በኩል ወፈር ያሉ ናቸው። ይህን ዓይነት ኩሽኔታ እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሜሪካዊው ሄንሪ ቲምከን ሠረገላ ሠሪ ነበር። ሠረገላ መታጠፊያ ላይ ሲዞር ጎማውን ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ስለሚፈጠር ቀጥ ያለው ኩሽኔታ ቶሎ ያልቅ ነበር። ሾጠጥ ያለው ግን ከላይ የሚጫነውንም ከጎን የሚገፋውንም ይችላል። የእኛ ተሳቢ በተቦረቦረ መንገድ እየተንገዳገደ ሲሄድ የሚደርስበትም ይኸው ነው።

ከሞዞው በስተጀርባ ጎሚኒ አለ፤ ሱቅ ላይ «ኦይል ሲል» ይሉታል። ሥራው ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውሃና አቧራ እንዳይገባ መከልከል ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ የብረት ክዳን አለ። ጎሚኒው ካረጀ ወይም ክዳኑ ከጠፋ ኩሽኔታው በሩ የተከፈተ ጎተራ ማለት ነው።

2. ኩሽኔታን የሚያበላሹ ነገሮች

2.1 ውሃ

ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት። በሌላው ዓለም ጀልባቸውን በተሳቢ ጎትተው ሐይቅ የሚያወርዱ ሰዎች ኩሽኔታ ቶሎ እንደሚበላሽባቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ረጅም መንገድ ነድተው፣ ሞዞው እንደጋለ ተሳቢውን ወደ ኋላ ውሃ ውስጥ ይከቱታል። እኛ ጀልባ የለንም። ጓንግን፣ ሽንፋን ወይም በየማሳው መካከል ያሉትን ወራጆች ስንሻገር ግን የምናደርገው ያንኑ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ተሳቢው ተጭኖ ሲሄድ ሞዞው ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም አብሮ ይሞቃል፤ ይለጠጣል። የጋለው ሞዞ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተራል። ሲኮማተር ከውጭ ይስባል፤ በዚያ ሰዓት ጎሚኒውን የከበበው ደግሞ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃው በራሱ ከመግባት አልፎ በሞዞው ተስቦ ይገባል።

ይህን በሥልጠናው ላይ በቀላሉ ማሳየት ይቻላል። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። በደንብ ሲሞቅ ክዳኑን አጥብቁና ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ክተቱት። ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ሞዞ ብረት ስለሆነ መጨማደድ አይችልም፤ በምትኩ በጎሚኒው በኩል ውሃ ይስባል።

የገባው ውሃ ግራሶውን እንደ ወተት ያነጣዋል፤ የማለስለስ ኃይሉን ያሳጣዋል። ተሳቢው ከተሻገረ በኋላ ለቀናት ከቆመ ደግሞ ውሃው ተንከባላዮቹ ካረፉበት ቦታ ላይ ዝገት ይጀምራል። ያቺ የዝገት ነጥብ በሚቀጥለው ጉዞ ትቦረቦራለች፤ የተቦረቦረው ብረት ሌላውን ይፍቃል። ጉዳቱ የሚታየው ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ጭነት ሲከብድ ነው። ክረምት ላይ የተሻገራችሁት ውሃ በጥቅምት ጎማ የሚነቅለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን እናድርግ?

- ወንዙ ዳር ስትደርሱ ቁሙ። ሞዞው ለብ እስኪል ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቀዝቅዙት። ቸኩላችሁ ውሃ አታፍሱበት፤ ያው መሳብ ይመጣል።
- ውሃው ከሞዞው በታች በሚሆንበት መሻገሪያ ተሻገሩ። ትንሽ ዞር ማለት ኩሽኔታ ከመቀየር ይሻላል።
- የሞላ ወንዝ ፈጽሞ አትሻገሩ። ጎርፍ የሚወስደው ኩሽኔታ ብቻ አይደለም።
- ሞዞው ውሃ ውስጥ ከገባ በዚያው ሳምንት አንዱን ጎማ ክፈቱና ግራሶውን እዩ። ነጭ ከሆነ ሁሉንም አጽዱ። ተሳቢውን ሳታዩ ለብዙ ቀን አታቁሙ።
- ስታጥቡ የውሃውን ግፊት በቀጥታ ወደ ጎሚኒው አትልቀቁ።

2.2 አቧራና አሸዋ

በበጋ የምንነዳበት መንገድ ዱቄት ነው። ከወንዝ ውስጥ የሚወጣው አሸዋ ደግሞ ከኩሽኔታው ብረት ጋር ሲፋጭ እንደ ሞረድ ይሠራል። አሸዋ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ የራሳችን እጅ ነው፦ ክዳኑ የተከፈተ የግራሶ ቆርቆሮ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ኩሽኔታ፣ የቆሸሸ ጨርቅ።

2.3 ከአቅም በላይ ጭነት

በኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲጨምር ዕድሜው የሚቀንሰው በእኩል መጠን አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ ኩሽኔታ ላይ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ 10ኛ እጁ ይወርዳል። ከመቶ 20 ብቻ ብትጨምሩበት እንኳ ዕድሜው ወደ ግማሽ ገደማ ይጠጋል። ስለዚህ 50 ኩንታል ለሚችል ተሳቢ «አሥር ኩንታል ምን ያደርገዋል?» የሚባለው ስሌት አያዋጣም። አንድ ምልልስ አተረፍን ስንል የኩሽኔታውን ዕድሜ ከፍለንበታል። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ደግሞ የዚያ ወገን ጎማ ብቻውን ይሸከማል።

2.4 የተሳሳተ ወይም የተደባለቀ ግራሶ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግራሶን አይተካም፤ በቆላው ሙቀት ቀጥኖ ይፈሳል፣ የብረት ብናኝም ይዞ ይገባል። የተለያየ ዓይነት ግራሶ መደባለቅም ጎጂ ነው፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ይቀጥኑና ይወጣሉ። ዓይነት ስትቀይሩ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጥባችሁ አውጡ።

2.5 ያለ ሥራ መቆም

ከማጓጓዝ በኋላ ተሳቢው ለወራት አንድ ቦታ ሲቆም ግራሶው ወደ ታች ይወርዳል፤ የላይኛው ተንከባላይ ራቁቱን ይቀራል። ወደ ማቆያ ስታስገቡት አክስሉን በእንጨት ጉማጅ ላይ አሳርፉት፤ በወር አንድ ጊዜ ጎማዎቹን በእጅ አዙሩ።

3. መቼ እንክፈት?

በአካባቢያችን የሥራ ወቅት መሠረት በዓመት ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መክፈት ይገባል፦

- ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ፦ ከአጨዳና ከማጓጓዝ በፊት። ክረምቱን ጭቃና ውሃ የገባበት ተሳቢ ሰሊጥ ሳይጫንበት መታየት አለበት። ከሁሉም የሚበልጠው ይህኛው ነው።
- ከታኅሣሥ እስከ ጥር፦ ሰሊጡ፣ ማሽላውና ጥጡ ተጓጉዞ ካለቀ በኋላ፣ ተሳቢው ከመቆሙ በፊት።

ከዚህ ውጭ ሞዞው ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ጎማ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። በማጓጓዝ ወቅት ደግሞ በየቀኑ በእጅ መፈተሽ ነው።

4. ከመሰበሩ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

ሙቀት፦ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በኋላ ቁሙና በእጃችሁ ጀርባ የእያንዳንዱን ሞዞ ሙቀት ፈትሹ። መጀመሪያ አስጠግታችሁ፣ ቀጥሎ ነካ አድርጋችሁ፤ በጣም የጋለ ብረት ያቃጥላል። ሁሉም እኩል ለብ ካሉ ደህና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይም እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አትቀጥሉ። ያስተውሉ፦ በሚያዝያ ፀሐይ የቆመ ብረትም ይግላል፤ ስለዚህ የምታወዳድሩት አንዱን ሞዞ ከሌላው ጋር ነው።

ድምፅ፦ ባዶውን ተሳቢ በክሪክ አንሥታችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። አንድ እጃችሁን ባሌስትራው ወይም አክስሉ ላይ አሳርፉ። ጤነኛ ኩሽኔታ በዝምታ ይዞራል። የተጎዳው እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ መንቀጥቀጡም በእጅ ይሰማል።

ጨዋታ፦ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁ። ለመሰማት የሚያስቸግር ጥቂት ጨዋታ ትክክል ነው። ኳ ኳ የሚል ከሆነ ላልቷል ወይም ተበልቷል። ምንም ጨዋታ ሳይኖረው ለመዞር የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ እሱም ያቃጥላል።

ግራሶ መትፋት፦ በጎማው ውስጠኛ ወገን ወይም በቸርኬው ላይ የተረጨ ግራሶ ካለ ጎሚኒው አልቋል።

በመንገድ ላይ ኩሽኔታው ከተበላሸ «እስከ ከተማ ይድረስልኝ» ማለት ትልቁን ኪሳራ ያመጣል። ኩሽኔታ ይገዛል። አክስል ከተበላ ግን ብየዳ፣ ቶርኖ ቤትና የብዙ ቀን ጥበቃ ነው። እዚያው አራግፉ፤ እዚያው ቀይሩ።

5. ፈትቶ ማጽዳትና መግጠም፦ ደረጃ በደረጃ

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ክሪክ፣ ጠንካራ የእንጨት ጉማጆች፣ ጎማ ማቆሚያ ድንጋዮች፣ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ የለስላሳ ብረት ዘንግ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ንጹሕ ናፍጣ በሳህን፣ አዲስ ጎሚኒ፣ አዲስ መቆለፊያ ሽቦ፣ ግራሶ። ሥራውን ነፋስ በማይነፍስበት ጥላ ሥር፣ ሸራ ወይም ንጹሕ ጆንያ አንጥፋችሁ ሥሩ።

1ኛ. ተሳቢውን አራግፉ። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙና በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ። የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ።

2ኛ. አንዱን ወገን በክሪክ አንሡና አክስሉን በጉማጅ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ ከቆመ ተሳቢ ሥር ማንም አይግባ። ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ከክሪኩ ሥር ሰፊ ሳንቃ አድርጉ፤ አለዚያ ይሰምጣል።

3ኛ. ጎማውን አውጡ። የሞዞውን ክዳን በካቻቢቴ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አንሡ። መቆለፊያ ሽቦውን አቅንታችሁ አውጡ፤ ዳዶውንና ሮንዴላውን ፍቱ። ሞዞውን ስትስቡ ትንሹ ኩሽኔታ ስለሚወድቅ በእጅ ደግፉት።

4ኛ. ምንም ከማጠባችሁ በፊት ግራሶውን እዩ። የተሳቢው ታሪክ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ግሏል። በጣት ስታሹት የሚቆረቁር ከሆነ አሸዋ ወይም የብረት ብናኝ አለው። መንስኤውን ሳታውቁ አዲስ ግራሶ ብትሞሉ በሽታው ይመለሳል።

5ኛ. የኋላውን ጎሚኒ አውጡ፤ አሮጌውን መልሳችሁ አትጠቀሙ። ከማውጣታችሁ በፊት በየትኛው ወገን ወደ ውስጥ እንደዞረ ልብ በሉ።

6ኛ. ኩሽኔታዎቹንና የሞዞውን ውስጥ በናፍጣ እጠቡ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። በጨርቅ ጥረጉና በደንብ ይድረቁ። በጎማ መንፊያ አየር እየነፋችሁ አታሽከርክሯቸው፤ ተንከባላዩ ተፈናጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የቀኙን ከግራው፣ የትልቁን ከትንሹ ጋር አታደባልቁ። ቀለበትና ተንከባላይ አብረው የኖሩ ጥንድ ናቸው።

7ኛ. በብርሃን መርምሩ። ተንከባላዮቹና የውጨኛው ቀለበት ውስጠኛ ፊት እንደ መስታወት ለስላሳ መሆን አለባቸው። ጉድጓድ፣ ዝገት፣ ጭረት፣ ወይም በሙቀት ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ቀለም ካለ ኩሽኔታው ይቀየራል። ጥፍራችሁን አሂዱበት፤ ጥፍር ከያዘ አልቋል። ሲቀየር ሁለቱም ክፍሎች አብረው ይቀየራሉ። አዲስ ተንከባላይ በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም አዲሱንም ማባከን ነው።

8ኛ. ውጨኛው ቀለበት የሚቀየር ከሆነ ከተቃራኒው ወገን በዘንግና በመዶሻ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ አውጡት። አዲሱን ስታስገቡ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ከመቀመጫው ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይቀየራል።

9ኛ. ግራሶ ሙሉ። ጥቂት ግራሶ በመዳፋችሁ ያዙና የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን እየተጫናችሁ ወደ መዳፋችሁ አሹት፤ ግራሶው በተንከባላዮቹ መካከል አልፎ በላይ በኩል ብቅ እስኪል ድረስ። ዙሪያውን እንዲሁ አድርጉ። ላይ ላዩን መቀባት መሙላት አይደለም። በሞዞው ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ግን ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉ። ግጥም አድርጋችሁ ከሞላችሁ ግራሶው ሲሞቅ መሄጃ አጥቶ ጎሚኒውን ገፍቶ ይወጣል።

10ኛ. ትልቁን ኩሽኔታ አስገቡና አዲሱን ጎሚኒ በላዩ ግጠሙ። ብዙውን ጊዜ ቀጭኗ የስፕሪንግ ሽቦ ያለችበት ወገን ወደ ግራሶው፣ ማለትም ወደ ውስጥ ይዞራል። ጠፍጣፋ እንጨት አድርጋችሁ በቀስታ ምቱት። ከንፈሩን ግራሶ ቀቡት፤ ደርቆ ከተነሣ ይቃጠላል።

11ኛ. ሞዞውን መልሱ፤ ትንሹን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላውንና ዳዶውን አስገቡ። አሁን ዋናው ማስተካከያ ነው። ሞዞውን በእጅ እያዞራችሁ ዳዶውን ለመዞር ከበድ እስኪለው ድረስ በመፍቻ አጥብቁ፤ ይህ ኩሽኔታዎቹን ቦታ ያስይዛቸዋል። ከዚያ ዳዶውን መልሳችሁ አላሉት። እንደገና በጣት ብቻ አጥብቁት። የመቆለፊያ ሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ማጥበቅ ሳይሆን ወደ ማላላት በኩል ወዳለው ቅርብ ቀዳዳ አምጡት። «ይጥበቅ፣ እንዳይወልቅ» ብሎ በሙሉ ጉልበት ማሠር ኩሽኔታ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ነው። ዳዶው እንዳይወልቅ የሚጠብቀው ጥብቀቱ አይደለም፤ መቆለፊያው ነው።

12ኛ. አዲስ መቆለፊያ ሽቦ አስገብታችሁ ጫፎቹን አጥፉ። በምስማር ወይም በአጥር ሽቦ አትተኩት። ክዳኑን መልሱ፤ ጎማውን እሰሩ፤ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ ሙቀቱንም ዳዶዎቹንም ፈትሹ።

6. ዕቃ ስትገዙ

ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዛችሁ ሂዱ። በቀለበቱ ጎን ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ አጥባችሁ አንብቡትና ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። በሚሊ ሜትር መለኪያ በተሠሩ ኩሽኔታዎች ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 30208 ከሆነ 8 ሲባዛ በ5፣ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ 30210 ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር። ይህን የሚያውቅ ሰው «ይኼም ይገባል» ተብሎ አይሸኝም። በኢንች የተሠሩት ቁጥራቸው ሌላ ስለሆነ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ግራሶ ስትገዙ ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን፣ ውሃ የሚቋቋም፣ ሊቲየም የሚል የተጻፈበትና የውፍረት ቁጥሩ 2 የሆነውን ጠይቁ። ቆርቆሮውን ሁልጊዜ ክዳኑን ገጥማችሁ አስቀምጡ።

በማጓጓዝ ወቅት ትራክተሩ ላይ የሚከተለው መጠባበቂያ ይኑር፦ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ኩሽኔታ ከነቀለበታቸው፣ ሁለት ጎሚኒ፣ መቆለፊያ ሽቦ፣ ጥቂት ግራሶ በተዘጋ ዕቃ፣ ክሪክ፣ ሳንቃና መፍቻ። ኩሽኔታውን ከነማሸጊያው አቆዩት፤ ሳይገጠምም ከተከፈተ ይዝጋል።

የአህያ ወይም የፈረስ ጋሪ ያላችሁም ከዚህ አትወጡም። ውሃ የሚያመላልስ ጋሪ ከሁሉ ይልቅ ጭቃ ውስጥ የሚውል ነው። ኩሽኔታው ሲያጉረመርም ሸክሙ የሚከብደው በእንስሳው ላይ ነው፤ የአህያዋ ትከሻ የቆሰለው በማነቂያው ብቻ ላይሆን ይችላል።

7. ሰው ስለ መጫን

ይህን ሳልናገር ሥልጠናውን መዝጋት አልችልም። በአጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኞችን ከደጋ መጥተው በጆንያ ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ እናያለን። ጎማ ሲነቀል ተሳቢው ወደዚያ ወገን በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ከላይ ያለው ሰው የሚይዘው ነገር የለውም። ተሳቢ የዕቃ ነው። የሰሊጥ ጆንያ ቢወድቅ መልሰን እንጭነዋለን። ልጁን ለሥራ የላከች እናት ግን ምን እንላታለን?

ማጠቃለያ

ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ሲደርስ ይከፈታል፤ ሲቆይ ይረግፋል። በዚያ ጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሳቢያችን መሥራት አለበት። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙ፦ የጋለ ሞዞ ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ ከመስከረም አጋማሽ በፊት ከፍታችሁ እዩ፤ በጉዞ መካከል ቆማችሁ በእጃችሁ ፈትሹ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

የቡድን ውይይትና የተግባር ልምምድ

1. ባለፈው ዓመት በቀበሌያችሁ ስንት ተሳቢ መንገድ ላይ ቀረ? ስንት ቀን ቆመ? ምክንያቱ ምን ነበር?
2. ከማሳችሁ እስከ ገበያ ስንት ቦታ ውሃ ትሻገራላችሁ? ሞዞ የማይነካ መሻገሪያ የትኛው ነው? በቡድን ንድፍ ሥሩ።
3. የአንድ ጎማ ሙሉ ኩሽኔታና ጎሚኒ ዋጋ ገበያ ላይ ጠይቁ። ተሳቢ ለአንድ ሳምንት ቢቆም ከሚጠፋው ሰሊጥ ዋጋ ጋር አወዳድሩ።
4. በፕላስቲክና በባልዲ ውሃ የተገለጸውን ሙከራ ለተከታይ አርሶ አደሮቻችሁ አሳዩ።
5. እያንዳንዱ ቡድን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር አንድ ጎማ ፈትቶ፣ ግራሶውን መርምሮ፣ ሞልቶና አስተካክሎ ይግጠም። ጨዋታውን ሌላው ቡድን ነቅንቆ ያረጋግጥ።